ከወርቁ ሥር ማን አለ?

ባለፈው ሳምንት ያወጋሁት ያመለጣችሁ ካላችሁ ብዙ አልቀረባችሁም፤ ልጅቷና ሠዓሊው ተያዩ፣ እኔም ጠረጠርኩ። ይኸው ነው። የጠረጠርኩት እኔ ቶሜ ነኝ፣ የወርቅ ቀጥቃጩ የጊሱኬ ታላቅ እህት። ባሌን ቀብሬ ወደ ወንድሜ ቤት ከተመለስኩ ወዲህ ሥራዬ የወንድሜን ልጅ ቺሴን ማልበስና መጠበቅ ነው። ማልበሱ ቀላል ነው። መጠበቁ ግን ጥርጣሬ ይጠይቃል፤ እሱ ደግሞ እግዜር ሳይሰስት የሰጠኝ ነገር ነው። ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር።

የወንድሜ ቤት የሚተዳደረው ትንፋሽን በመያዝ ነው። ወርቁ ተቀጥቅጦ ተቀጥቅጦ ከሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ ሲወጣ፣ አንድ ሰው አጠገቡ ቢያስነጥስ የሳምንት ልፋት ጣሪያ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ በካናዛዋ ከተማ በኛ ሰፈር ልጅ ገና መናገር ሳይጀምር የሚሰማው ቃል "ትንፋሽሽን ያዢ" ነው። ቺሴ እንዲህ አድጋ ድምጿ የማይሰማ፣ "አዎ" እና "እሺ" ብቻ የምትል ልጅ ሆነች። እምቢ ለማለት ረዘም ያለ ትንፋሽ ያስፈልጋል።

ሠዓሊው ሚናሴ ወደኛ ቤት የመጣው ወርቅ ፈልጎ ነበር። አባቱ ጀልባ ቀዛፊ ነው፤ አንድ ባለጸጋ ተሰጥኦውን አይቶ ፓሪስ ልኮት የዘይት ቀለም ተምሮ ተመለሰ። ፊትና እጅን በፈረንጅ ዘይት ደረብ ደረብ አድርጎ ይሥላል፤ ዙሪያውን ግን የጥንቶቹ ሠዓሊዎቻችን እንደሚያደርጉት በወርቅ ያለብሰዋል፣ የልብሱንም ጠርዝ በጥቁር የጽሕፈት ቀለም በአንድ ትንፋሽ ይስበዋል። ወንድሜ መጀመሪያ ሳቀበት። "ዘይት ላይ ወርቅ? ለዓሣ ጥብስ ነው?" አለው። ኋላ ግን ራሱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ወርቅ እንዴት እንደሚለጠፍ ሲያስተምረው ዋለ። ዘይቱ ገና ሙጫ ሙጫ ሲል ከተለጠፈ ይይዛል፤ ከደረቀ በኋላ ከተለጠፈ ይሸሻል።

የኦኖ መንደር የአኩሪ አተር ስጎ ጠማቂዎች ቺሴን ለልጃቸው ሲጠይቁ፣ እመቤቲቱ "ፎቶግራፍ አይበቃንም፣ በሥዕል አሳዩን" አለች። ወንድሜም ሚናሴን ቀጠረ። እኔም አንድ ነገር አዘዝኩ።

"ያላገባች ልጅ ከወንድ ፊት ለፊት ተቀምጣ ስትታይ አትውልም! ጀርባዋን ትሰጥሃለች።"

"እትዬ ቶሜ፣ ሙሽራው የሚያገባው ጀርባዋን ነው እንዴ?"

"እሱን አንተ ታውቃለህ። ታዲያ ፓሪስ ሄደህ የተማርከው ምንድን ነው?"

በማግስቱ ሚናሴ ወደሚሥልበት ቤት ስንሄድ ከፊቷ አንድ ትልቅ የፈረንጅ መስታወት ቆሟል። ለብርሃን ነው አለኝ። መስኮቱ ጠባብ ስለሆነ አመንኩት። እኔ ከመከለያው ጀርባ ስፌቴን እሰፋለሁ፤ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ መስታወቱ ፊት ትቀመጣለች፤ እሱ ከኋላዋ ይሥላል። አልፎ አልፎ አንገቴን ሰገግ ሳደርግ የቺሴ ጆሮ በርበሬ መስሎ አየዋለሁ። ሴት ልጅ ራሷን አይታ እንዲህ አትቀላም ብዬ ጠረጠርኩ። ተነስቼ ግን አላየሁም፤ ጉልበቴን ያመኛል።

ሥዕሉ ሊያልቅ አካባቢ ቺሴ ማታ ፀጉሯን ስፈታላት "አክስቴ፣ ለስጎው ቤት እሺ አልልም" አለችኝ። በሕይወቷ የመጀመሪያዋ እምቢ ነበረች። ለአባቷ የምትነግረው ሥዕሉ ቤት ሲገባ ነው። ሚናሴ ምን እንዳላት ብጠይቃት "ምንም አላለም፤ ግን ያየኛል" አለች። ማየት ቃል ኪዳን አይደለም ብዬ መምከር ፈለግሁ፤ ፊቷን ሳይ ተውኩት።

እንግዲህ ሥዕሉ ትናንት በዝናብ በሠራተኛ ታቅፎ መጣ። የስጎው ቤት አማላጅ የቃል ኪዳኑን ስጦታ ይዛ የምትመጣው ዛሬ ነው። ስጦታው አንዴ እጃችን ከገባ መመለስ የለም።

ከዘይት ወረቀቱ ሲወጣ ሁላችንም ተጠጋን። ቺሴ ናት፤ ያውም እኔ የማላውቃት ቺሴ። ከንፈሯ ገና ሊናገር ነው፤ ወርቁ ከዙሪያዋ የክረምት ፀሐይ ይመስላል። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠራረገ። ጉሮሮውን ከጠራረገ ልቡ ተነክቷል ማለት ነው። ቺሴም ያቺን እምቢዋን ልትናገር አንገቷን ቀና አደረገች።

ያኔ ነው አንገትጌውን ያየሁት።

እኛ በሕይወት ያለን ሰዎች ኪሞኖ ስንለብስ የግራው አንገትጌ በቀኙ ላይ ይውላል። በተቃራኒው የሚለብስ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ራሱ አይለብስም፣ ሌላ ያለብሰዋል። ባሌን እንደዚያ አድርጌ ያለበስኩት በእነዚህ እጆቼ ነው። ሥዕሉ ላይ ያለችው ቺሴ ቀኟን በግራዋ ላይ ደርባ ነበር።

"ጊሱኬ" አልኩ፤ "አንገትጌዋን እየው።"

አየ። ፊቱ ዐመድ ሆነ።

"ልጄን ገንዞ ላከልኝ!"

"አባባ…" አለች ቺሴ።

"ቤቴ ገብቶ ሻዬን ጠጥቶ! ይህን ለሙሽራ ቤት ልላክ? ለቀብር ነው ለሠርግ?"

እኔ ደግሞ አንዴ የጀመርኩትን አልተውም። ሥዕሉን ወደ ብርሃኑ ዘንበል አደረግሁት። ወርቅ ምስጢር አይጠብቅም፤ ከሥሩ አንዲት ፀጉር ብትኖር ትታያለች። ከቺሴ ትከሻ በላይ ወርቁ ያበጠበት ቦታ ነበር። በጣቴ ሳልነካው ዙሪያውን ተከተልኩት። ራስ ነው። አንገትና ትከሻም አለው።

የዚያን ጊዜ ቶፉ የተባለውን የአኩሪ አተር አይብ የምትሸጥ የአንዲት ሴት ወሬ ትዝ አለኝ። ሚናሴ የተከራየው የእሷን የሩዝ ጎተራ ነው፤ "በዚህ በኩል ይህን ሁሉ ወርቅ ምን ያደርግልሃል?" ብላ ብትጠይቀው "ሰው እየቀበርኩ ነው" አላት። ስትነግረኝ ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር። አሁን ግን ያንኑ ቀልድ ቺሴ ፊት አወጣሁት።

"ሴት ናት?" አለች ቺሴ ቀስ ብላ።

"ያን ያህል ዓመት ፓሪስ የኖረ ወንድ ብቻውን አይኖርም" አልኳት።

"ሞታለች ማለት ነው። የእሷን ልብስ አለበሰኝ። ያን ሁሉ ቀን የሚያየው እኔን አልነበረም።"

ወንድሜ "ነገ አማላጇ ስትመጣ እሺ ትያለሽ" አላት። ቺሴ ትንፋሿን ያዘች።

"እሺ" አለች። የልጅቷን እሺ ዕድሜዋን ሙሉ ሰምቼዋለሁ፤ ያንን ግን ባልሰማሁት ብዬ ተመኘሁ።

ወንድሜ ወደ ሥራ ክፍሉ ሲገባ ቺሴ ሥዕሉን መልሳ ጠቀለለችው።

"አክስቴ፣ እኛው እንመልስለት።"

"ሠራተኛ ይወስደዋል።"

"አይሆንም። ስሟን ሳልጠይቀው ስጎ ውስጥ አልገባም።"

ምሳህን ብትረሳ እንኳ ጃንጥላህን አትርሳ በሚባልበት ከተማ ተወልጄ እኔ ያን ቀን ጃንጥላዬን ረሳሁ። አንዱን ለሁለት ይዘን፣ ሥዕሉን መሐላችን አድርገን በአሳኖ ወንዝ ዳር ሄድን። እኔ በልቤ የምወርድበትን ስድብ እመርጥ ነበር፤ ደግሞም እውነቱን ልናገር፣ ውሸት ይሁን እያልኩ እጸልይ ነበር።

ሚናሴ በሩን የከፈተው እጁ እስከ ክርኑ በሰማያዊ ቀለም ተነክሮ ነው። ቺሴን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ጥቅሉን ሲያይ ጠፋ።

"አልወደዱትም?"

"ወደውታል እንጂ!" አልኩት። "ሬሳ ለሚወድ ሰው ምን ይወጣለታል!"

"እትዬ ቶሜ፣ ምን አጠፋሁ?"

"እሱን ንገረን ብለን አይደል በዚህ ዝናብ የመጣነው?"

ቺሴ ጃንጥላዋን እንኳ ሳታጥፍ በሩ ላይ ቆመች። "አቶ ሚናሴ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ከወርቁ ሥር ማን አለ?"

ደሙ ከፊቱ ሲሸሽ አየሁ። አለቀ፣ እውነት ነው አልኩ።

"ማንም የለም፣ ወይዘሪት ቺሴ።"

"እኔ የወርቅ ቀጥቃጭ ልጅ ነኝ።"

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። በመጨረሻ "ሰው አለ" አለ፤ "ግን ለእርስዎ የሚረባ ሰው አይደለም። ይተዉት።"

"ይወዱት ነበር?"

"ይህ ሰው ልኩን ያላወቀ ሰው ነው። ስለዚህ ቀበርኩት።"

ሰው፣ ሰው ይላል። ስም የለው፣ ወንድ ነው ሴት የለው። በዚያች በአንዲት ቃል ተሸሽጎ ሊያመልጠን ነው ብዬ ደሜ ፈላ። "ፓሪስ የሞተችብህ ናት አይደል?"

"ፓሪስ ማን ሞተ?"

"ታዲያ የሬሳ አንገትጌው ለማን ነው?"

"የምን አንገትጌ?"

ጥቅሉን ከእጄ ነጥቆ ወረቀቱን ገፈፈው። ሥዕሉን አየ። የቺሴን ደረት አየ። የራሱን አንገትጌ በቀለም እጁ ዳሰሰ። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

"ወይኔ… እምልላችኋለሁ አላየሁትም። ማለቴ አይቼዋለሁ፣ ያየሁትን ነው የሣልኩት። ፓሪስ ያስተማሩኝ እሱን ነው። የምታውቀውን አትሣል፣ ዓይንህ ያየውን ሣል ነው የሚሉት።"

"ዓይንህ አየ? ይቺ ልጅ አንድ ቀን እንዲህ ለብሳ ከዚህ ቤት ገብታ ታውቃለች? የማለብሳት እኔ ነኝ እኮ!"

ይህን ስል ቺሴ ጃንጥላዋን ጣለች። ወደ ጥጉ ሄዳ፣ ያ መስታወት እስካሁን የቆመበት ቦታ፣ እነዚያን ቀናት ሁሉ የተቀመጠችበት ምንጣፍ ላይ ተንበረከከች። ጀርባዋን ሰጥታን መስታወቱን አየች። እጇ ቀስ ብሎ ወደ ደረቷ ሄደ። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አለቀሰች ብዬ ልቤ ተቀደደ። ለካስ እየሳቀች ነው።

"አክስቴ ነይ። ነይ ተመልከቺ።"

ጉልበቴን እየረገምኩ ሄድኩ። መስታወቱ ውስጥ ቺሴ አለች፤ ቀኟ በግራዋ ላይ ተደርቧል። ከኋላዋ ደግሞ እኔ አለሁ፤ እኔም እንደዚያው። ሴት ሁሉ በየማለዳው መስታወት ፊት ቆማ ትለብሳለች፤ በየማለዳውም መስታወቱ እንደ ሬሳ ገልብጦ ያሳያታል፤ ልብ ያለ ግን የለም። ዕድሜዬን ሙሉ አይቼው ዕድሜዬን ሙሉ አላየሁትም። አንድ አፍታ ከባሌ ወገን ሆኜ ታየሁ፣ እሱን ባለበስኩት አለባበስ።

ከዚያ ሌላው ነገር ገባኝ። መስታወቱን ያመጣው ጀርባዋን ትስጥህ ስላልኩት ነው። ሁለቱም ይህን ጨዋ ሆነው አልተናገሩም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ያን ያህል የሰደብኩት ሰው የታዘዘውን ነበር የሠራው።

ቺሴ ግን ገና አልጨረሰችም። ፊቷን ሳታዞር ለመስታወቱ ተናገረች። "ሥዕሉ መስታወቱ ውስጥ ያለው ከሆነ፣ መስታወቱ ውስጥ ከትከሻዬ በላይ የነበረው ማን ነው?"

"ቺሴ፣ ተይው" አለ። ወይዘሪትነቷ ቀረ።

ተነስታ ወደ ሥዕሉ መጣች። እሱ ቀድሞ ፊቱ ቆመ።

"ነገ የሌላ ሰው ቤት የሚገባ ሥዕል ነው። እኔ እዚያ ውስጥ ምን እሠራለሁ? የቀዛፊ ልጅ! ሌላ ሰው ግድግዳ ላይ ተሰቅዬ፣ ልጆች ስትወልጂ፣ ስታረጂ ልይሽ? ምን ያህል እንደምችል አስቤው ነበር። አልቻልኩም። ቀበርኩት።"

"አንተን ራስህን ነው የቀበርከው።"

አንተ አለችው። እርስዎ ከአፏ ወድቆ ያን ጊዜ የት እንደገባ እኔ አላውቅም።

"ወርቁን የለጠፍከው ዘይቱ ከደረቀ በኋላ ነው" አለች ጠርዙን በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ።

"አዎ።"

"በደረቀ ላይ እንደማይዝ ታውቃለህ። አባቴ ነው ያስተማረህ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን?"

"አንድ ቀን ይሸሻል ብዬ ይሆናላ" አለ በመጨረሻ። "እኔ ለመናገር ድፍረት አላገኘሁም። ወርቁ ይናገርልኝ ይሆናል አልኩ።"

ቺሴ አፏን ወደ ወርቁ አስጠጋች። ከተወለደች ጀምሮ ያዢ የተባለችውን ትንፋሽ ሁሉ የት አከማችታው ነበር! እፍ አለችው። ወርቁ ተነሳ፤ ጣሪያው ሥር ዞረ፣ ፀጉሯ ላይ አረፈ፣ የእኔም አፍንጫ ላይ ተለጠፈ። ከሥሩ ሚናሴ ወጣ። ብሩሹ በእጁ ቀጥ ብሏል፤ ዓይኑ ሸራው ላይ አይደለም፣ መስታወት ውስጥ ያለችው ልጅ ላይ ነው። እንዲህ የሚያይ ሰው ቃል ኪዳን አልገባሁም ቢል ማን ያምነዋል? እኔ ከመከለያ ጀርባ ስፌቴን ስሰፋ ከፊቴ ይህ ሁሉ ይሆን ነበር ማለት ነው።

የእሱም አንገትጌ ተገልብጧል።

"ይኸው!" አልኩ፤ ሌላ የምለው ቢጠፋኝ። "ሁለታችሁም ሞታችኋል!"

ቺሴ ሥዕሉን አንስታ ወደ መስታወቱ አዞረችው። መስታወቱም የተገለበጠውን መልሶ ገለበጠው። ግራው በቀኙ ላይ፣ የእሷም የእሱም፤ ሁለቱም በሕይወት አሉ፣ ጎን ለጎን። ሚናሴ በዚያ ሰማያዊ እጁ እጇን ያዘው። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ዝናቡን ለማየት ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ጠባቂነቴ ሆን ብዬ ፊቴን ሳዞር የመጀመሪያዬ ነበር፤ አላፈርኩበትም።

ቤት ስንደርስ እየመሸ ነበር። ሥዕሉን በቺሴ የመልበሻ መስታወት ፊት አቁሜ ወንድሜን ጠራሁት። ከሥራ ክፍሉ የቀርከሃ መቆንጠጫውን እንደያዘ ወጣ።

"ይህን ርጉም ነገር መልሳችሁ አመጣችሁት?"

"አትጩህ፣ ጎንበስ ብለህ መስታወቱን እይ። ምስክሩ የቤትህ መስታወት ነው።"

መጎንበሱን ፈራ፤ ግን እኔ ታላቋ ነኝና ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ። ልጁን አየ፤ አንገትጌዋን አየ፤ ከኋላዋ ያለውን ሰውና የሚያይበትን ዓይን አየ። ቀና ሲል ያው ወንድሜ ነው፣ የጠየቀው ስለ ወርቁ ነበር።

"ወርቄን ማን አባከነው?"

እኔ ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

"እኔ ነኝ አባባ" አለች ቺሴ።

"በምን?"

"በትንፋሼ።"

"ዕድሜሽን ሙሉ ያዢ ስልሽ አልነበረም?"

"ያዝኩ እኮ። ቅድም ለስጎው ቤት እሺ በይ ሲሉኝ እሺ ያልኩት ትንፋሼን ይዤ ነው።" ድምጿ ተንቀጠቀጠ፣ ግን አልቆመም። "ከዚህ በላይ ከያዝኩ፣ አባባ፣ ያ የሬሳ አለባበስ እውነትም ልኬ ይሆናል። እምቢ። ይቅር ይበሉኝ፣ እምቢ።"

እኔ ወንድሜን ከእናታችን ማህፀን ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ምን እንደሚያደርግ አላወቅኩም፣ ፈራሁ።

ወደ ልጁ ተጠጋ። ከታችኛው ከንፈሯ ላይ ትንሽዬ የወርቅ ቁራጭ ተለጥፋ ነበር። እንደ ልማዱ መቆንጠጫውን አንስቶ ሊለቅማት ሞከረ። ያ በነፋስ መሐል እንኳ የማይሳሳት እጅ ሁለቴ ሳታት።

"ነገ ለዚያች አማላጅ እትዬ ትንገራት" አለ ወደኔ ሳይዞር። "ምላስ እንደሆነ አልቸገራትም።"

ከዚያ መቆንጠጫውን ቀበቶው ውስጥ ከተተውና ወርቋን በሻካራ አውራ ጣቱ ከልጁ ከንፈር ላይ ጠረገላት። በቤታችን ወርቅ በጣት ተነክቶ አያውቅም።

"ተንፍሺ፣ ልጄ" አላት። "በቃ፣ ተንፍሺ።"

ቺሴ ደረቱ ላይ ወድቃ እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ እኔም፣ ያው እኔ ተጠራጣሪዋ፣ አብሬያት።